ጓደኛን ስለ መቅበር

(የማደሪያ ክፍል ጓደኛችን ባረፈ በአርባኛው ቀን፣ በወልድያ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተነበበ ንግግር)




ይህን ጽሑፍ የሚያነብበው አንዱ ይሁን እንጂ ያዘጋጀነው አምስት ነን። ሦስት ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን አድረናል፤ ስድስተኛው ከተለየን እነሆ ዛሬ አርባ ቀን ሆነው። ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ አንጽፈውም። እናቱ፣ የልጃቸው ስም በተባዛ ወረቀት ተበትኖ በየመንገዱ እንዳይረገጥ አደራ ብለውናልና አደራቸውን እንጠብቃለን። የምታውቁት ሁሉ ማንን እንደምንል ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁትም «ወንድማችን» ማለቱ ይበቃል።

ወንድማችን የመርሳ ልጅ ነበር። እኛ አምስታችን ግን አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱም ከባቲ የመጣን ነን። ስለዚህ በስድስቱ መካከል ባለአገሩ እርሱ፣ እንግዶቹ እኛ ነበርን። የባለአገርነቱንም ዕዳ አሳምሮ ከፈለ። አገራችን ለሚርቅብን ለእኛ የበዓል ማሳለፊያችን የእርሱ ቤት ነበር። ከቤቱ ሲመለስም አንድ ማዳበሪያ ማንጎ ተሸክሞ ይመጣና በአልጋው ሥር በጋዜጣ ላይ ይደረድረዋል። ክፍላችን ሳምንቱን ሙሉ ማንጎ ማንጎ ይሸት ነበር።

የሞተበትን ሕመም በረዥሙ አንተርክም፤ አጭር ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይህ ንግግር ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ታሞ ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ ሄደን የጠየቅነው አንድ ቀን ብቻ ነው። መርሳ ከወልድያ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። «ፈተናው ይለፍና በደንብ እንጠይቀዋለን» አልን። ፈተናው አለፈ፤ እርሱም አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ ተሰብስበን የምንጮኸው እኛ ነን።

በቀብሩ ዕለት በስሪንቃ በኩል ወረድን። ወንድማችን የተማረው የዕፅዋት ሳይንስ ነበር። በዚያ መንገድ አብረነው ባለፍን ቁጥር የስሪንቃን የእርሻ ምርምር ማዕከል በመስኮት እያሳየ «እዚህ ነው የምቀጠረው» ይለን ነበር። የአባቱን የብርቱካን ዛፎች ያደረቃቸውን በሽታ መድኃኒቱን አገኛለሁ ይል ነበር። በዚያን ዕለት መኪናው በስሪንቃ ሲያልፍ ማንም ጣቱን አልቀሰረም።

ከቤቱ ስንደርስ የቅሬው ሰዎች ሥራቸውን ጀምረው አገኘናቸው። ከሌላ አገር የመጣችሁ እንደ ሆነ፣ እናንተ ዕድር የምትሉትን ወሎ ቅሬ ይለዋል። መቃብሩን የሚቆፍሩት፣ ቃሬዛውን የሚያዘጋጁት፣ ለሐዘንተኛው እህል ውኃ የሚያቀርቡት የቅሬው አባሎች ናቸው። የወንድማችንን መቃብር ከቆፈሩት ጎልማሶች መካከል ሙስሊሞች ነበሩበት። ቄሶቹ ፍትሐት ሲያደርሱ እነርሱ አፈሩ እጃቸው ላይ እንዳለ ከቅጥሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ይህ ለወሎ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ለእኛ ግን ትምህርት ሆነን።

እኛም በአንድ ጥግ ተኰማትረን ቆመን ነበር። አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡና «እናንተ ልጆች የማን ወገን ናችሁ?» ብለው ጠየቁን።

«ወገን እንኳ አይደለንም፤ አባባ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነን። አንድ ክፍል ነው የምናድረው» አልናቸው።

ሽማግሌውም አየት አደረጉንና «አንድ ቤት ካደራችሁ ምን ወገን አይደለንም ትላላችሁ? ኑ፣ ግቡና ተሸከሙ» አሉን።

ገብተን ተሸከምን። ከባቲ የመጣው ወንድማችን ሙስሊም ነው፤ እርሱም በፊተኛው በኩል ያዘ። ማንም ምንም አላለውም። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ የእኒያን ሽማግሌ ቃል ለመተርጐም የሚደረግ ሙከራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያ በኋላ የሕይወት ታሪኩ ይነበብ ተባለ። ጽሑፉን እንድናዘጋጅ ከዘመዶቹ አንዱ በማለዳ አዝዘውን ስለ ነበር፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈን ይዘናል። በየቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እገሌ ከአባቱ ከእገሌ ከእናቱ ከእገሊት በዚህ ቀን ተወለደ ይልና፣ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ተማረ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ዓመት በቅንነት አገለገለ፣ ባለትዳርና የዚህን ያህል ልጆች አባት ነበር ብሎ ይዘጋል። እኛም በዚህ ሥርዓት ጻፍን። መወለዱን ጻፍን፤ መማሩን ጻፍን። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ አጣን። አላገለገለም፤ አላገባም፤ አልወለደም። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሞተ፤ ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አልቆ ዝም ተባለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ እናቱ ቀና ብለው ያዩን አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። «ልጄ ይኸው ብቻ ነበርን?» የሚል አስተያየት ነበር።

ጓዶች! የተማሪ ሞት ከሌላው ሞት የሚለይበት ነገር ይህ ነው። ሽማግሌ ሲሞት ሥራው ይናገርለታል፤ ልጆቹም ይቆሙለታል። ተማሪ ሲሞት ግን ሥራው ገና አልተጀመረም፤ ስለ እርሱ ሊናገር የሚችል አብሮት ያደረ ሰው ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሕፃንነቱን ያውቃሉ፤ መምህሩ ውጤቱን ያውቃል። ሰው ሊሆን ሲታገል የነበረባቸውን እኒያን ዓመታት የሚያውቀው ግን የአልጋ ጎረቤቱ ነው። እርሱ ዝም ካለ እኒያ ዓመታት አብረው ይቀበራሉ።

አሁን ከእኛ በፊት ጓደኛቸውን ሊቀብሩ ተነሥተው ስለ ተከለከሉ ተማሪዎች ጥቂት እንናገር። ይህን የምናነሣው ሞትን ከሞት ለማስተካከል አይደለም፤ ወንድማችን በሕመም ነው የሞተው። የሚመሳሰለው የቀሪዎቹ ዕዳ ነው።

ጥላሁን ግዛው የትግራይ ልጅ ነበር፤ አባቱ ደጃዝማች፣ እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የሐረሩ መስፍን የልዑል መኰንን ባለቤት ነበሩ። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መሬት ለአራሹ ይሁን ከሚሉት ተማሪዎች ጋር ተሰለፈ። በ1961 ዓ.ም. ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ተወዳድሮ ተመረጠ። ከተመረጠ ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ከስድስት ኪሎ ግቢ ብዙ ሳይርቅ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

በማግሥቱ ታኅሣሥ 20 ቀን ጓደኞቹ አስከሬኑን ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። ያ ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። አሳባቸው በክብር ሸኝተው ሊቀብሩት ነበር። መንግሥት አስከሬኑን መልሱ አለ፤ እነርሱም አንመልስም አሉ። በዚህ ጊዜ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ጥሰው ገቡ፤ ተኩስም ተከፈተ። ጓደኛቸውን ሊቀብሩ ከተሰበሰቡት ተማሪዎች መካከል የሞቱ ሞቱ፤ የቆሰሉ ቆሰሉ። አስከሬኑ በግድ ተወሰደ፤ ጥላሁንም በትውልድ አገሩ በማይጨው ተቀበረ። ከአዲስ አበባ በየብስ ወደ ማይጨው የሚሄድ መንገደኛ በመርሳና በዚህችው በወልድያ አልፎ፣ ቆቦን፣ አላማጣንና ኮረምን አቋርጦ ነው የሚደርሰው።

ጠመንጃ የያዘ መንግሥት መናገር የማይችል በድን ስለምን ፈራ? መልሱን የመርሳው ሽማግሌ ሰጥተውናል። ቃሬዛውን የተሸከመ ሁሉ ወገን ነው። ተማሪዎቹ አስከሬኑን የተሸከሙ እንደ ሆነ «ይህ ሰው የእኛ ነው፤ ደሙም ይመለከተናል» ማለታቸው ነበር። የተከለከሉትም ይህን ቃል ነው። የቤተሰቡ መብት ግን የተለየ ነገር ነው። እናትና አባት ልጃቸውን በአገራቸው አፈር መቅበራቸው ተገቢ ነው፤ ወዳጅም በዚህ ላይ ክርክር የለውም። ወዳጅ የሚጠይቀው ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለተኛ ነገርም አለ። የጥላሁን ስም ከሞቱ በኋላ መፈክር ሆነ። ብዙ ወገን ስሙን ተሸከመው፤ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ወገኖች ሳይቀሩ። ዛሬ የሞተበትን ቀን የምንቈጥር ብዙዎች ነን። ምን ያስቀው እንደ ነበር፣ በምን ይናደድ እንደ ነበር፣ ሲሸነፍ ፊቱ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ሰውየው ከስሙ በታች ተቀበረ ማለት ነው። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ስለ ወንድማችን ስንናገር ከሆነው በላይ አናድርገው፤ ቅዱስም ጀግናም አንበለው።

ወንድማችን ጫማችንን ሳያስፈቅድ ያደርግ ነበር። ለፈተና ሲያጠና እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ጮኾ ያነብ ነበርና ስንት ሌሊት አጣልቶናል። ቁጡ ነበር፤ ቍጣው ግን ሻይ እስኪቀዳ ድረስ እንኳ አይቆይም። አንድ ጊዜ በሒሳብ ወድቆ ልብስ በምናጥብበት ቦታ ተደብቆ ሲያለቅስ አግኝተነዋል፤ እንዳናወራበት አስምሎን ነበር፤ ዛሬ መሐላችንን አፈረስን፤ ይቅር ይበለን። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ቀን አይረሳንም። ከግቢ ውጭ ወሬው በከፋበት በአንድ ሰሞን ሁለታችን በአገርና በብሔር ነገር ተነካክተን እጅ ለመሰናዘር ተነሣን። እርሱ ከአልጋው ወረደና በሩን ዘጋው። «ከዚህ በር ወዲያ የፈለጋችሁትን ሁኑ፤ ከዚህ በር ወዲህ ግን ስድስት ነን» አለ። ከዚያም ከማንጎው አወጣና ልጦ ለሁላችንም አካፈለ። አፋችን ማንጎ ሞልቶ እንዴት እንጣላ?

ይህን ነገር እንደ ቀላል ጨዋታ የሚቈጥር ካለ፣ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በተነሣው ግጭት ተማሪዎች መገደላቸውን ያስታውስ። እኛ በዚያን ጊዜ አልነበርንም። ነገር ግን እነዚያም ልጆች የአልጋ ጎረቤት ነበራቸው፤ እነርሱም እናት ነበራቸው፤ የእነርሱም የሕይወት ታሪክ «ተወለደ፣ ተማረ፣ ሞተ» ከሚለው አላለፈም። ቃሬዛቸውን ከእኛ ወገን ማን ያዘላቸው? ይህን ጥያቄ ለራሳችን ሳናቀርብ ስለ ጓደኝነት መናገር አይገባንም።

የዚህ አገር መንገድ ያልተለቀሰላቸውን ሙታን አብዝቶ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ጊዜ ቀባሪውና ተቀባሪው ባንድነት ያለቁበት ቤት ነበረ። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ያየው የኮረም መጠለያ በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት በተያዘችበት ጊዜም ዘመድ ከዘመዱ ቀብር ያልደረሰበት ቀን ነበረ። ቅሬ የሚታወቀው ሲታጣ ነው። ሰዎች ተሰብስበው አንድን ሰው በስሙ ጠርተው መቅበር መቻላቸው ትንሽ ነገር የሚመስለው ይህ ሁሉ ያላለፈበት ሰው ነው።

ሃይማኖቶቻችንም በዚህ ነገር ይስማማሉ። በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተጻፈው፣ ጦቢት በስደት አገር በነነዌ ሳለ ንጉሡ ሰናክሬም የገደላቸውን ወገኖቹን እየሰረቀ ይቀብር ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሀብቱ ተወረሰ፤ ራሱም ሸሸ። በእስልምና ደግሞ ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው። ይኸውም ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ያልፈጸመው እንደ ሆነ ግን ኀጢአቱ በሁሉ ላይ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ተማሪ በመካከላችን ሞቶ ማንም ጓደኛ ሳይቆምለት ከተሸኘ ዕዳው የማን እንደሚሆን ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

ስለዚህ ለቅሶአችን በለቅሶ ብቻ እንዳይቀር፣ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የተማሪዎች ቅሬ ይቋቋም። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፤ በየማደሪያ ክፍሉ ያሉ ተማሪዎች የእርስ በርሳቸውን የወላጅ ስም፣ ቀበሌና የቅርብ ዘመድ ስልክ በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ። እኛ ሦስት ዓመት አብረን አድረን የወንድማችንን የአያት ስም በቀብሩ ማለዳ ነው የጠየቅነው።

ሁለተኛ፤ በየወሩ ከሻይ ዋጋ የማይበልጥ መዋጮ ይሰብሰብ። ተማሪ ሲሞት ጓደኞቹ ነጠላ ዘርግተው የመኪና ኪራይ መለመን አይገባቸውም። የሟቹ አገር ጅማም ይሁን ጎንደር፣ ከአልጋ ጎረቤቶቹ ቢያንስ ሁለቱ አስከሬኑን አጅበው ከቤቱ ይድረሱ።

ሦስተኛ፤ ይህ ቅሬ ከቀብር በፊት የታመመውን ይጠይቅ። ፈተና ቢኖርም ይጠይቅ። እኛ የጎደልነው በዚህ ነውና ከእኛ ተማሩ።

አራተኛ፤ የሟቹን የሕይወት ታሪክ አብረውት ያደሩት ይጻፉ። አንዱ ቅጂ ለእናቱ ይሰጥ፤ አንዱም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

አባል ለመሆን ቋንቋም ሃይማኖትም አይጠየቅ። የመርሳ ቅሬ እኛን አልጠየቀንም።

ንግግራችንን የምንፈጽመው ያን በቀብሩ ዕለት ያጎደልነውን የሕይወት ታሪክ እንደ ገና በማንበብ ነው። እናቱ ከመካከላችን ተቀምጠዋልና፣ እናታችን፣ ይህን ስሙን።

ወንድማችን በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ተማረ፤ ከዚያም ወደ ወልድያ መጥቶ ሦስት ዓመት ዕፅዋትን አጠና። አምስት እንግዶችን ተቀብሎ አስተናገደ። ሁለት ሊጣሉ የተነሡ ወንድሞችን በአንድ ማንጎ አስታረቀ። በሒሳብ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ። የአባቱን ዛፎች ሊያድን አስቦ ነበር፤ አሳቡንም ከክፍላችን አንዱ ተቀብሎታል። አላገባም፤ አልወለደም፤ ነገር ግን ለእናቱ አምስት ልጆች ትቶላቸዋል።

ነፍሱን ይማር። አፈሩን ያቅልልለት። ለእናቱና ለአባቱ መጽናናቱን ይስጥልን።